የማይታረቅ ሰው

ስምንት ሰዓት ሆነ። ጂዳም ስምንት፣ ቆቦም ስምንት፤ ሰዓቱ እንኳ አንድ ነው፣ ታዲያ ይህ ስልክ ምን ሆኖ ነው የማይጠራው? ቶይባ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ፍራሿ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች እንጂ አልተኛችም። ሌሊቱን ሙሉ አሮጊቷን ስታገላብጥ፣ ውሃ ስታጠጣ፣ አንሶላ ስትቀይር ነው ያደረችው፤ የእሷ ሌሊት የሚመጣው ቀትር ላይ ነው፣ እሱም እንቅልፍ ይዞ መምጣት ከተወ ዓመት አልፏል። ማሽኑ የቤቱን ልጆች ልብስ ያሽከረክራል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ስልኩ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት ቆቦ ፍርድ ቤት መዝገቧ ተከፍቷል፤ ወይ ከመህዲ ተፋትታለች ወይ አልተፋታችም፣ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። አሠሪዎቿ አሮጊቷን ሪያድ ወዳለችው ልጇ ሊወስዷት ስለሆነ ውሏ አይታደስም፤ ትኬቷ ተቆርጧል፣ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ኒካሁ አንገቷ ላይ እያለ ቆቦ ከገባች እናቷ ቤት ሁለት ሌሊት አያሳድሯትም፤ ሰውየው ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣል፣ ሻንጣዋን ያነሱላታል፣ እየመረቁ ወስደው ተመልሳ እጁ ውስጥ ያስገቧታል። እጁን ደግሞ ታውቀዋለች።

ስለ መህዲ ቆቦ ውስጥ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ ማር ነው ይላችኋል። አውራ ጎዳናው ዳር የእህል መጋዘን አለው፣ ጁምዓ ከፊተኛው ሰልፍ አይጠፋም፣ ሽማግሌ ሲያይ ከባጃጅ ወርዶ ጉልበት ይስማል፤ የታመመ ሳይጠይቅ፣ የሞተ ሳይቀብር የቀረበት ቀን የለም። መልካምነቱን ሁሉ ውጪ ጨርሶት ነው መሰል ለቤቱ የሚተርፈው እጁ ብቻ ነው። አንድ ሰኔ፣ ማሽላው ገና ጉልበት ሳይደርስ፣ የግቢውን በር አዘግይተሽ ከፈትሽ ብሎ በመዳፉ ጀርባ አላት፤ የላይኛው ክራንቻዋ እዚያው ደጃፉ ላይ ቀረ። እሷ ተንበርክካ ጥርሷን በስልክ መብራት ስትፈልግ እሱ እጁን ታጥቦ እራቱን በላ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣ። ፍየል ታረደ፣ ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፣ መህዲ አለቀሰ፣ ማልቀስ እንኳ ሲያምርበት! ቶይባ አፏን በጥጥ ወትፋ ተቀምጣለች፤ «አሚን በይ የኔ ልጅ» ይሏታል፣ በጥጡ ውስጥ አሚን ትላለች። በነሱ አገር አሚን ከተባለ በኋላ ነገሩ ሞቶ ተቀብሯል፤ መልሶ የሚቆፍረው እርግማን ይደርስበታል ተብሎ ስለሚፈራ የመታም የተመታም አይቆፍረውም። በዓመቱ ፓስፖርት አውጥታ ጂዳ መጣች። ሰው ሁሉ ለኑሮ ብላ ነው አለ። ይበል።

አራት ዓመት ሙሉ ስትልክ ኖረች፤ የላከችው ቤት ሆነ፣ ቤቱ ደግሞ የራዊያ ሆነ። ይህን ደውሎ የነገራት አንድ ሰው የለም፣ እናቷም፣ ወንድሟም፣ ታናሽ እህቷም አፋቸውን ለጉመው ከረሙ፤ አንድ የጎብዬ ልጅ ቲክቶክ ላይ የለጠፈው የሠርግ ቪዲዮ ነው ያሳያት። መህዲ ነጭ በነጭ ለብሶ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ራዊያ የምትባል የዋጃ ልጅ ሂና ተቀብታ አንገቷን ደፍታለች፣ የለበሰችው ቀሚስ ደግሞ ቶይባ አገሬ ስገባ እለብሰዋለሁ ብላ ከጂዳ ገዝታ፣ በፌስታል ጠቅልላ የላከችው አረንጓዴው ቀሚሷ ነው። ቪዲዮውን አሥር ጊዜ አየችው፣ ባሏን አይደለም፣ ጫፉ ላይ ያለውን ጥልፍ ነው የምታየው። ሃይማኖቱ ሁለተኛ ሚስት ይፈቅዳል፣ በሱ አልተከራከረችም፤ የሰው ቀሚስ ግን የትኛውም ኪታብ አይፈቅድም። ያንኑ ቀን ደወለችለትና «ፍታኝ» አለችው። ሳቀ። «አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ ምኔ ከበደሽ?» «የፍቺዋን ቃል በላትና ልረፍ፣ በስልክም ቢሆን በላት» አለችው። «ከአፌ አትወጣም» አለ፣ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነው፣ «ስትመጪ በአካል እንነጋገራለን።» በአካል ሲላት ባዶው ድዷ ጠዘጠዛት።

ወንድሟን ከማሉዲንን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ላከችው። ቃዲው ሁለቱም ወገን እዚህ እንዳኛለን ካላሉ ጉዳዩን አልይዝም አሉት፤ መህዲ ደግሞ እዚያ አልዳኝም አለ፣ ፊተኛው ሰልፍ ላይ የማይጠፋው ሰውዬ! ስለዚህ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሂዱ ተባለ። ከማሉዲን አቶ ካሳው የሚባሉ ጠበቃ አገኘላት፣ ከገበያው በላይ አንድ ክፍል ቢሮ ያላቸው፣ ቃል ከአፋቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሰው። «ውክልና ላኪ» አሏት። ላኪ ማለት ቀላል ነው። ግማሽ ቀን ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ለመነች፤ የቆንስላው ቀጠሮ በኢንተርኔት ነው ተባለች፤ የቤቱን ትልቅ ልጅ ለምና አስያዘች፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የወኪሉ ስም እስከ አያት፣ ተሰለፈች፣ ፈረመች። ወረቀቱ ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ አዲስ አበባ ሄደ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ማኅተም ተመታበት፣ አውቶቡስ ላይ ወጣ፣ መንገድ ተዘግቶ ጎብዬ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ፣ በመጨረሻ ቆቦ ገባ። ያኔ አቶ ካሳው ይደውላሉ። «ፍቺ የሚል ቃል የለበትም። ለፍቺ መሆኑ ለብቻው ተለይቶ መጻፍ አለበት። እንደገና።» እንደገና! ስልኩን ዘግታ የአሮጊቷን አንሶላ አጠበች፣ ሳይቆሽሽ አጠበችው።

ለሁለተኛው ውክልና ደሟ ፈልቶ ነው የሄደችው። ከቆንስላው ማዶ ማመልከቻ የሚጽፍ ያገሯ ሰው አለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ኮምፒውተሩን ይዞ የተቀመጠ፤ «ሙሉ ሥልጣን ነው የምትሰጪው ወይስ ከፊል?» አላት። «ሙሉ» አለችው። ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈላት፤ ለፍቺ አቤቱታ እንዲያቀርብልኝ፣ እንዲከስልኝ፣ እንዲከራከርልኝ፣ ይግባኝ እንዲልልኝ፣ እንዲስማማልኝ፣ እንዲታረቅልኝ። ሁሉንም ሰምታለች፣ አልሰማሁም ብትል ትዋሻለች። ወረቀቱ ሲረዝም የሚጠነክር መሰላት፣ አንድም ነገር እንዳይጎድል ነበር ጭንቀቷ። ሰውየው ጥፋት የለበትም፣ ቆንስላውም ጥፋት የለበትም፤ የራሷን ገመድ ራሷ ገምዳ፣ ርዝመቱንም አስለክታ ለከማሉዲን የላከችለት እሷ ናት።

ከማሉዲን ታናሽ ወንድሟ ነው፣ እሷ አዝላ ያሳደገችው፣ ለዝንብ እንኳ እምቢ ማለት የማይችል። አቤቱታው ገባ፣ መህዲ መጥሪያ ደረሰው፣ ዳኛው እስኪ በሽማግሌ ተነጋገሩ ብለው ቀጠሮ ሰጡ፤ ከዚያ አንድ ቀትር፣ እንዲህ እንዳሁኑ ተጋድማ ሳለ፣ ከማሉዲን ደወለ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«አልሐምዱሊላህ እህቴ፣ አብሽሪ፣ ታረቃችሁ።»

«እነማን?»

«አንቺና መህዲ ናችኋ።»

«እኔ እዚህ አሮጊት ሳገላብጥ ነው ያደርኩት። የት ሆኜ ታረቅሁ?»

«በኔ በኩል ነዋ። ውክልናው በእጄ አይደል።»

 ከማሉዲን ያወራል፤ አሥራ አንድ ሽማግሌ ገና ከፈጅር ሶላት እንደወጡ እናታቸው ደጃፍ መጡ፣ ግቡ ሲባሉ እምቢ፣ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ፣ ውሃ ሲቀርብ እሺ ሳትሉን አንቀምስም፤ ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ በኩል ወጥታ አናታቸው ላይ እስክትደርስ ቆመው ቀሩ። ትልቁ ሸህ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እግራቸው ይብረከረካል። «እናቴ ራሷን ይዛ እርግማን ልታወርሰን ነው እያለች ታለቅሳለች፣ ሸሁ ቆመው ሊሞቱብን ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? በአላህ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ዱዓ አደረጉ፣ ባንቺ ስም አሚን አልኩ።» መህዲ የእርቅ ወረቀቱን አስቀድሞ አስጽፎ በኪሱ ይዞ ነበር። ከማሉዲን ፈረመ። ፍርድ ቤቱም ወረቀቱን አየ፣ ውክልናውን አየ፣ ለመታረቅ ሥልጣን አለው፣ መዝገቡን ዘጋ። ቶይባ በሰውነቷ ያለው ደም በሙሉ ጆሮዋ ላይ ወጥቶ ይጮህባታል። «እንግዲያው አንተ ሂድና አብረኸው እደር» አለችው፣ «የታረቅከው አንተ ነህ!» ማልቀስ ጀመረ፣ አዝላው የኖረችው ልጅ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እስከ ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ ያለቅሳል።

አቶ ካሳው አልተቆጡም፣ አላጽናኗትምም። «የተዘጋው መዝገቡ ነው፣ ጋብቻው አለ። አዲስ አቤቱታ እናስገባለን። የወንድምሽን ውክልና ሻሪ።»

«ታዲያ ውክልናውን ለእርስዎ ልስጥዎታ!»

«ችሎት እኔ እቆማለሁ። ዳኛው ግን እንደገና በሽማግሌ ተነጋገሩ ማለታቸው አይቀርም፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ምንጣፋቸው ላይ ጠበቃ አያስቀምጡም፣ የቤተሰብ ሰው አምጡ ነው የሚሉት። እና የቤተሰብ ሰው ፈልጊ።» ስልኩን ሳይዘጉ ጨመሩበት። «የማይታረቅ።»

የማይታረቅ ሰው ከቆቦ! ፍራሿ ላይ ሆና ቆቦን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው፣ የሰዉን ፊት ሁሉ በወንፊት ነፋችው። እናቷ ሽማግሌ ገና ሳል ሲል ነው አሚን የምትል። እህቷ ፈሪሀ የመህዲን የአክስት ልጅ ነው ያገባች፣ እምቢ ብትል የሷም ትዳር ይናጋል። አጎቷ የመህዲ መጋዘን ዘበኛ ነው፣ ይኸው ነው አጎትነቱ። የጎብዬዋ ጓደኛዋ ሳቢራ ሰው ሲያለቅስ አይታ ምክንያቱን ሳትጠይቅ አብራ የምታለቅስ ናት፣ በዚያ ላይ ቤተሰብ አይደለችም ይሏታል። ሁሉም ደግ ናቸው፣ ይህ ሁሉ ደግ ሰው ነው ጥርሷን ያስወለቃት! ቶይባ የምትፈልገው ክፉ ሰው ነው፤ ሸሁ ቆመው ቢሞቱ የማይገደው፣ ፀሐይ ቢያቃጥላቸው ጥላ የማይዝ፣ እሷና መህዲ እንዳይታረቁ ሌት ተቀን ዱዓ የሚያደርግ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ቆቦ ውስጥ አንድ ብቻ አለ፣ እሱም አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሶ ቤቷ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሐሳቡ ሲመጣባት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ሦስት ቀን ከሐሳቡ ጋር ስትታገል ከረመች፣ በአራተኛው ከፈሪሀ ቁጥሩን ተቀበለችና ደወለች።

«ማን ልበል?» አለች ራዊያ።

«ቶይባ ነኝ።»

«የትኛዋ?»

«ቀሚሷን የለበስሽባት።»

ከወዲያ ማዶ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ ራዊያ ጀመረች፣ እንዴት ያለ ምላስ ነው አላህ የሰጣት! «ባሌን መልሺ ልትይኝ ከሆነ አፍንጫሽን ላሺ። ቀሚሱም ሰፍቶኝ ነበር፣ ወገቡን አስገብቼዋለሁ።»

«ልወስድብሽ አይደለም፣ ልተውልሽ ነው የደወልኩት።» ነገረቻት። ውክልና፣ ምንጣፍ፣ ሽማግሌ፣ አሚን አለማለት። ራዊያ ሳታቋርጥ ሰማች። ስትጨርስ ራዊያ እንዲህ አለች፦ «ወጥ ሲያንስ ቶይባ፣ ልብስ ሲጨማደድ ቶይባ፣ አልጋ ላይ ሳይቀር ቶይባ ስትመጣ ታሳይሻለች ይለኛል። ሳትኖሪ ነው ቤቱን የሞላሽው። ወላሂ ከዚህ ቤት ስምሽ እንዲወጣ እንኳን አሚን ላልል፣ አፌን እሰፋለሁ።»

«እንዳትከጂኝ።»

«አትመኚኝ፣ እኔም አላምንሽም።»

ስምምነቱ በዚህ አለቀ፣ ደህና ዋይ መባባል እንኳ አልነበረም። ሊዘጉት ሲሉ ግን ቶይባ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ «እጁ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። ራዊያ ከንፈሯን ስትመጥ ተሰማት። «እንደምታውቂው ነው» አለች። ቶይባ ይህን ሰማች፤ ሰምታም አለፈችው። ወይኔ ልጄ ልትል ትችል ነበር፣ ተይው ይቅር ልትል ትችል ነበር፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው ይላሉ፤ የለም፣ የአያትሽ ስም ማን ይባላል ብላ ጠየቀቻት፣ ለወረቀቱ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከቆንስላው ማዶ ስትሄድ ያ ጸሐፊ ወዲያው አወቃት። «ወኪልሽ ደግሞ ማን ሆነ?» «ራዊያ።» «ምንሽ ናት?» «ጣውንቴ።» ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ቀና ብሎ አያት፣ ደጋግሞ አያት፣ ከዚያ ምንም ሳይል ጻፈ። እንዲታረቅልኝ የሚለው ጋ ሲደርስ «አውጣው» አለችው። ማውጣቱ ብቻ አልበቃትም፣ በሽማግሌም ሆነ በማንም ፊት በስሜ ለመታረቅ ሥልጣን የላትም ብለህ ጻፍልኝ አለችው፣ ጻፈላት፣ ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ወረቀቱ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ሄደ። አቶ ካሳው ሲደርሳቸው ደወሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማቻቸው፣ ሳል የሚመስል ሳቅ ነው ያላቸው። «ጣውንት መወከል ተከልክሎ አላነበብኩም። የቤተሰብ ሰው ነው ያልኩት፣ ከቤተሰብም ቤተሰብ ነው ያመጣሽው።»

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አዲሱ አቤቱታም ገብቶ፣ ከዛሬ አሥር ቀን በፊት ሽማግሌዎቹ እናቷ ቤት እንደገና ተሰበሰቡ። ራዊያ ስልኳን እንደተከፈተ ጉያዋ ውስጥ ይዛ ነው የገባች፣ ቶይባ እዚሁ ፍራሽ ላይ አንሶላ አፏ ላይ ይዛ ትሰማለች። የእናቷን ድምፅ ሰማች፤ «ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?» እንደ በፊቱ ቆመው ሊቀሩ ነበር መሰል፣ ከማሉዲን ግን፣ ያ እምቢ የማያውቅ፣ «ውክልናው እኔ ጋ የለም፤ እሷ ጋ ነው፣ ለሷ ቁሙላት» ሲል ተሰማ። ጉርምርምታ ሆነ። ትልቁ ሸህ ድምፃቸው ይርገበገባል፦ «ልጄ፣ አንቺ የቶይባ ምኗ ነሽ?»

«ጣውንቷ ነኝ።»

«ጣውንት ለጣውንት?»

«ወረቀቱ እንዲያ ይላል።»

መህዲ ያን ቀን፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው ያወቀው። አልጮኸም፣ ሰው ፊት አይጮህም፤ «ልጅነት ነው፣ ይቅርታ አድርጉላት» አላቸው በዚያ በማር ድምፁ። ሽማግሌዎቹ ደከማቸውና ተቀመጡ፤ ዱዓው ተጀመረ፣ ረጅም ነው፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተዘጋው መንገድ፣ ስለ ትዳሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቤቱ ሙሉ አሚን ይላል። ቶይባ ፍራሿ ላይ ሆና የራዊያን ድምፅ ከመሃል ትፈልገዋለች፣ የለም። ዱዓው አለቀ። «አንቺ ልጅ፣ አሚን አላልሽም» አሉ ሸሁ። ራዊያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በራሴ ብሆን እል ነበር ሸሆቼ፣ እርግማንም እፈራለሁ። ዛሬ ግን በቶይባ ቦታ ነው የተቀመጥኩ፤ ቶይባ ደግሞ አትልም።»  ምርኩዝ መሬት ሲነካ፣ ጫማ ሲጎተት፣ ሰው ሲወጣ ተሰማ። ቀጥሎ የመህዲ ድምፅ ለስልኩ በጣም ቀርቦ፣ ቀስ ብሎ፣ «ነይ ወደ ቤት እንሂድ» አለ። ስልኩ ተቋረጠ።

ቶይባ ያንን «ነይ ወደ ቤት እንሂድ» ታውቀዋለች። ቃሉን አይደለም፣ ቃናውን ነው የምታውቀው፣ ከዚያ ቃል በኋላ ቤት እስኪደረስ ያለውን መንገድ፣ የቁልፉን መዞር። አሥር ቀን ሙሉ አልደወለችም። መጀመሪያ ቀን ስልኩን አንሥታ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ ሁለተኛውን ቀን ብደውል እሱ ቢያነሳውስ አለች፣ ሦስተኛውን ቀን ለራሷ እውነቱን ነገረችው፤ ብትደውልና ያቺ ልጅ ተውኩት፣ አልችልም ብትላትስ? ፍርዱ ሳይሰጥ ማዘን አልፈለገችም። እንዲህ ናት፤ ሰው ሁሉ ጥርሷን ረስቶ አሚን እንዳለ፣ እሷም የሌላዋን ጥርስ ለአሥር ቀን ረሳችው። የራሷን ቁስል ይዛ ሌላዋን ልጅ ሄዳ በርሷ ቦታ አስቀመጠቻት፣ ምንጣፉ ላይ ብቻ አይደለም። ልክ ነኝ ትላለች፣ ቀሚሴን ለብሳለች ትላለች፣ ወገቡን አስገብቻለሁ ያለች እኮ ናት ትላለች፣ ይህን ስትል ደግሞ የምትናገረው በመህዲ ድምፅ ይመስላታል፣ ለስላሳ።

ከላይ ፎቅ አሮጊቷ ትጣራለች፣ ተራው የሌላዋ ሠራተኛ ነው፣ ትጣራ። ማሽኑ የመጨረሻውን ዙር ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ክፍሉ በድንገት ጸጥ አለ፣ በጸጥታው ውስጥ ስልኩ ደረቷ ላይ ነዘረ። ራዊያ ናት።

«ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ አሁን ነው የመጣ» አለች ራዊያ፣ ሰላምታ የለም። «ፈርሷል። ዳኛው አፍርሰውታል። አቶ ካሳው ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ይልኩልሻል።»

አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ከፈተች። ለዚህች ቃል ነው ዓመት ከመንፈቅ ያልተኛችው፤ አሁን መጥታ ደረቷ ላይ ተቀምጣለች፣ ታዲያ ደስታው የት ሄደ? የራዊያ ድምፅ ነው የያዛት። ያ ምላጭ ምላስ ተወላክፏል፣ ቃሉ በጉንጭ በኩል ታፍኖ ነው የሚወጣው።

«አፍሽ ውስጥ ምን ይዘሻል?» አለቻት።

«ጥጥ።»

ባጃጅ አለፈ። ሰው ሰው ይጠራል። ቶይባ ፍራሹ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች፣ ምላሷ ሳታዘው ባዶው ድዷ ላይ ሄደ።

«ከዚያን ቀን ነው?»

«አንደኛው ከዚያን ቀን። አንደኛው ትናንት፣ ፍርድ ቤት እንዳልሄድ።» ራዊያ ትንፋሿን ሳበች። «ሄድኩ ግን።»

 ይቅር በይኝ የሚለው ቃል ከቶይባ ሩቅ አልነበረም፣ ምላሷ ሥር ነበር፣ ግን ይህን ቃል ስንት ሰው ምንጣፍ ላይ አርክሶታል፣ ማንሣት አስጠላት።

«መቼ ነው የምትገቢ?» አለች ራዊያ።

«ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።»

«ዛሬ ከችሎት እንደወጣን እናቴ ቤት ሄጃለሁ፣ ዋጃ ነኝ። እሱ ለነገ ሽማግሌ አዘጋጅቷል አሉ፣ አባቴ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ነው አሚን የሚል። ሦስት ሳምንት በር ዘግቼ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም።» ጥጡን አስተካከለች መሰል። «ለኔም የማይታረቅ ሰው ያስፈልገኛል።»

ቶይባ ዓይኗን ጨፈነች። የጥልፉ ጫፍ ታያት፣ የገባው ወገቡ ታያት፣ ከጉልበቷ በታች ያለው ምንጣፍ፣ ትልቁ ሸህ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ መህዲ እንባውን አዘጋጅቶ። እዚያ ሰው መሃል አፏን ገጥማ ስትቀመጥ ራሷን አየችው።

«ቀሚሴን አጥበሽ ጠብቂኝ» አለቻት።